የጥይት መሙያው ጠረጴዛ

ባለፈው ሰኔ ለልጄ የማጥኛ ጠረጴዛ ያሠራሁት ገንዳ ውሃ ከተማ ካለ አንድ አናጢ ወዳጄ ዘንድ ነው። ልንወስደው ስንሄድ ጠረጴዛው አልቆ ደጅ ቆሟል። እንደ ልማዴ ሁለት እጄን ጫፉ ላይ አሳርፌ በሙሉ ክብደቴ ወደ ጎን ገፋሁት። ቀጥዬ ወደ ፊት። ከዚያ ቁጢጥ ብዬ እግሮቹን አንድ በአንድ ጨብጬ ወዘወዝሁ።

ወዳጄ መዶሻውን አስቀመጠና «ከእኔ እጅ የወጣ ዕቃ ነው እኮ፣ ሰውዬ!» አለኝ።

«አውቃለሁ» አልሁት። መወዝወዜን ግን አልተውሁም።

ልጄ አፈረች። ወደ ቤት ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ ፊቷን አዙራ «አባዬ፣ አንተ ግን ማንንም አታምንም አይደል?» አለችኝ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን እቆጣት ነበር። ቁጡ አባት መሆኔን ልጆቼም ጎረቤቶቼም ያውቃሉ፤ አልክድም። ያን ዕለት ግን አልተቆጣሁም። ወዳጄ ምስጥ እንዳይበላቸው የጠረጴዛውን እግሮች የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀብቷቸው ነበርና ሽታው እጄ ላይ ቀርቷል። ያ ሽታ ባለበት ቦታ ሁሉ እኔ ትልቅ ሰው አይደለሁም። አጎቴ ቤት ደጃፍ ላይ በዘይት የተነከረ ጨርቅ ይዤ የቆምሁ ልጅ ነኝ።

እኔ ከአራተኛ ክፍል ወጥቼ የቀረውን በራሴ ያነበብሁ ሰው ነኝ። ለልጄ በአፌ ያልመለስሁላትን በጽሑፍ ልመልስላት።

መንደራችን ከሽንፋ ወንዝ ማዶ ነበረች። አባቴና ታላቅ ወንድሙ ማሩ ከጋይንት የመሬት ጥበት ገፍቷቸው የወረዱ ናቸው። ቆላውን መንጥረው ሰሊጥና ማሽላ ይዘሩ ነበር። አጎቴን አያ ማሩ እለው ነበር። ሚስቱ እኔ ሳልወለድ በወባ ሞታበታለች፤ ልጅም አልነበረውም። ቤቱ ከእኛ ቤት በጩኸት ርቀት ላይ ነው።

አያ ማሩ እንደ ሰው ሁሉ ገበሬ ነው። ነገር ግን አንድ ሌላ ሙያ ነበረው፤ የተተኮሰ ጥይት መልሶ ይሞላል። ክላሽ ያለው ሰው ጥይቱን ከገበያ ያገኛል። ምንሽር የሚባለውን አሮጌ ጠብመንጃ የያዘ ግን ጥይቱ ከገበያ ከጠፋበት ዘመን አልፏል። ስለዚህ ገበሬው የተኮሰበትን ባዶ ቀለህ ከእርሻው ውስጥ ለቅሞ፣ በጨርቅ ቋጥሮ ወደ አያ ማሩ ይመጣል። ሥራውን የሚሠራበት ጠረጴዛ ከሻይ ሳጥን የተገጣጠመ ነበር። አንድ እግሩ አጥሮ ድንጋይ ተደርጎለታል። በትንሽ የናስ ስኒ ባሩዱን ሲሰፍር ማንም አጠገቡ እንዲያልፍ አይፈቅድም። እኔ ስጠጋ ቀና ሳይል «ትንፋሽህን» ይለኛል። ትንፋሼን ይዤ እቆማለሁ።

ሲጨርስ የማይዘለው ሥርዓት ነበረው። ከሞላቸው ውስጥ የመጀመሪያዋን የሚተኩሳት ራሱ ነው። ባለ ጥይቱን ይዞ ወደ ጓሮ ይወጣል፤ ጠብመንጃውን ጉንጩ ላይ አጣብቆ ከማሳው ዳር ያለውን የምስጥ ኩይሳ ይመታል። ከዚያ ወደ ሰውየው ዞሮ «ፊቴን አይተህ ውሰድ» ይለዋል። ሰውየውም ፊቱን አይቶ ይወስዳል። የቆላው ሰው ይህን ያውቅ ነበር። አያ ማሩ የሞላውን ጥይት ማንም ሲጠራጠር ሰምቼ አላውቅም።

አንድ ክረምት ማሽላው ገና በቡቃያው ሳለ ከርከሮ ገባበት። አባቴ ምንሽሩን ይዞ ወደ አያ ማሩ ቤት ሲሮጥ ተከትየው ሄድሁ። አባቴ ጨዋታ ወዳድ ነው። አያ ማሩ ሲሞላ ክርኑን ጠረጴዛው ላይ ደግፎ ስለ ከርከሮዎቹ ያወራ ነበር። አንዷ ከርከሮ አይታው እንዳልሸሸች፣ ይልቁንም እንደ መሬት ባለቤት ቆማ እንደ ገላመጠችው እየነገረ አሳቀው። አያ ማሩ ሲስቅ ያየሁት በጣም ጥቂት ጊዜ ነው። ያን ቀን ሥራው ላይ ሆኖ ሳቀ።

ሲጨርስ እንደ ልማዱ አንዷን ይዞ ተነሣ። አባቴ ክንዱን ያዘው።

«ኧረ ይተው አያ! ለእኔም ሊተኩሱልኝ ነው?»

«ሥርዓት ነው።»

«ሥርዓቱ ለባዳ ነው እንጂ! ከወንድሜ እጅ የወጣ ነገር ይፈተሻል ወይ? ሰው ቢሰማ ምን ይለናል?»

አያ ማሩ ያቺን ጥይት ከሌሎቹ ጋር ቀላቀላትና ተቀመጠ። ደስ ብሎታል። ወንድሙ እንዲያ በማለቱ ደስ እንዳለው ፊቱ ላይ አየሁ።

ሊመሽ ሲል ከማሳው በኩል አንድ ድምፅ መጣ። የተኩስ ድምፅ አውቃለሁ፤ ያ ግን የተኩስ ድምፅ አልነበረም። ብረት ሲሰበር ይመስላል።

በማግስቱ ጠዋት፣ ምንሽሩ እጁ ላይ የፈነዳበት አባቴ ሲወሰድ ፊቱ በሙሉ በነጠላ ተጠቅልሎ ነበር። መንገዱ ጭቃ ስለ ሆነ የሚሄደው ትራክተር ብቻ ነው። በሪሁን የሚባለው የትራክተር ነጂ ከኋላ ተሳቢውን ቀጥሎ መጣና አባቴን ጭድ ላይ አስተኙት። ከገንዳ ውሃ በአውቶቡስ ወደ ጎንደር ሆስፒታል ሊሄዱ ነው። እናቴ ራስጌው ተቀመጠች።

«አንተ ከአያህ ጋር ቆይ» አለችኝ። «እንመለሳለን።»

ስትናገር አላየችኝም። በዚያ ዕድሜዬ ፊቱ የተሸፈነ ሰው ያየሁት ሬሳ ብቻ ነበር። ትራክተሩ እየተንገጫገጨ ሲርቅ የነጠላው ጥለት እስኪጠፋኝ ድረስ አየሁት። በዚያው ሳምንት ሽንፋ ሞላ። ከወዲያ ማዶ ሰውም ወሬም የማይሻገርበት ጊዜ መጣ።

አያ ማሩ ቤት መኖር ጀመርሁ። የምተኛው በገመድ በተጠለፈ የሱዳን አልጋ ላይ ነው፤ እሱ መሬት ቁርበት አንጥፎ ይተኛል። ጠዋት ይወጣል፣ ማሳውን ያርማል፣ ይመለሳል፤ አይናገርም። የሚናገረኝ «ብላ»፣ «ተኛ»፣ «ውጣ ከዝናቡ» ብቻ ነበር። ቀኑን ሙሉ የማዳምጠው በሣር ክዳኑ ላይ የሚወርደውን ዝናብና የእንቁራሪቱን ጩኸት ነው። አንዳንድ ጊዜ የራሴን ድምፅ ለመስማት ብዬ ብቻ በሬውን በስሙ እየጠራሁ አወራው ነበር።

ስለ አባቴ ማንንም አልጠየቅሁም። አንባቢዬ ለምን ይለኝ ይሆናል። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ለቅርቡ ሰው ወዲያው አይነገረውም። ይደበቃል፤ ዘመድ እስኪሰበሰብ ይጠበቃል። ከዚያ አንድ ቀን ጎሕ ሳይቀድ ሰዎች መጥተው በሩን ያንኳኳሉ፤ መርዶው ይነገራል። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የአንድ ጎረቤታችን ልጅ እናት በሱዳን በኩል ሞታ ነበር። መንደሩ ሁሉ ሲያውቅ እሱ ሳያውቅ ከእኛ ጋር ኳስ ይጫወታል። ትልልቆቹ ሴቶች እሱ ባለፈ ቁጥር ከንፈራቸውን ሲመጡ አይቻለሁ።

አሁን ደግሞ እትዬ ጥሩ ለእኔ ከንፈሯን መምጠጥ ጀመረች። እትዬ ጥሩ ከአያ ማሩ ቤት ወዲህ ያለች ጎረቤታችን ናት። ለሁለታችን ምሳ ይዛ ትመጣለች፤ የተሻለውን ቁራሽ ወደ እኔ ትገፋለች፤ ጭንቅላቴን ትዳስሳለች። ከአያ ማሩ ጋር ደጅ ቆመው በዝቅታ ሲያወሩ እኔ ብቅ ካልሁ ያቆማሉ። አያ ማሩ ደግሞ ጺሙን መላጨት ተወ። ወንድ ልጅ ጺሙን የሚያሳድገው ሐዘን ሲቀመጥ እንደ ሆነ አውቃለሁ። ዝናሩንም ከወገቡ ፈቶ ምሰሶው ላይ ሰቅሎታል።

ስለዚህ አባቴ ሞቷል አልሁ። የሚጠበቀው መርዶው ብቻ ነው። በየማለዳው ገና ጨለማ ሳለ እነቃና የሰዎች ኮቴ እየመጣ እንደ ሆነ አዳምጣለሁ። ጭቃው ውስጥ የእግር ድምፅ ስሰማ ልብሴን አፌ ውስጥ እጎሰጉሳለሁ። ላም ትሆናለች፣ ወይም ወደ ሜዳ የወጣ ሰው ይሆናል። ሲነጋና ማንም ሳይመጣ ሲቀር ደስ አይለኝም፤ ነገ ይመጣሉ እላለሁ። ይህን ለማንም አልተናገርሁም። የማልጠይቀው ካልጠየቅሁ አይነገረኝም፣ ካልተነገረኝ ደግሞ አልሆነም ብዬ ነው። ልጅ እንዲህ ነው የሚያስበው። ትልቅ ሰው ዝም ካለ ልጁ በዝምታው ውስጥ የራሱን ታሪክ ይጽፍበታል፤ የሚጽፈውም ሁልጊዜ ከእውነቱ የከፋውን ነው።

እነ አባቴ የሄዱ ዕለት አያ ማሩ ያን የሻይ ሳጥን ጠረጴዛ ደጅ አውጥቶ ዝናብ እየመታው በመጥረቢያ ፈለጠው። እንጨቱን ለማገዶ እንኳ አልተጠቀመበትም፤ ጎርፉ ወሰደው። ጥቂት ቆይቶ ጣውላ ማምጣት ጀመረ። ከእርሻው ዳር ለዓመታት ወድቆ የቀረ የሱዳን የጭነት መኪና ነበር፤ የዕቃ መጫኛውን፣ የካሶኒውን ጣውላ እየነቀለ በትከሻው ይሸከማል። ጣውላው ወፍራም ነው፤ በዐረብኛ የተጻፈበት ቀለም ገና አልለቀቀም። ለእግርና ለማገር የአባሎ ዛፍ ቆረጠ። ቋጠሮ ባለው ገመድ ይለካል፤ ይቆርጣል፤ መልሶ ይለካል።

እሱ ማሳ ሲወርድ ጣውላው አጠገብ ተጋደምሁ። ከእኔ ቁመት በጣም ይረዝማል። የትልቅ ሰው ቁመት ነው።

ምን እንደሚሠራ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ወይም የገባኝ መሰለኝ።

አያ ማሩ ባደገበት ደጋ ጽኑ ነገር የሚተከለው ጉድጓድ ተቆፍሮ ነው። እዚህም ቤቱ ውስጥ በበሩ ብርሃን በኩል አራት ጉድጓድ ቆፈረ። የአባሎውን እግሮች ቀበረ፤ ድንጋይ ጠቀጠቀ፤ ላዩን በእግሩ ደበደበ። ጣውላዎቹን ከላይ ከመታ በኋላ በሁለት እጁ ገፋው፤ በትከሻው ገፋው። አልተነቃነቀም። «በቃ» አለ። ለእኔ አይደለም፤ ለራሱ ነው።

ዝናቡ ግን አላባራም። አፈራችን ጥቁር ዋልካ ነው። ውሃው ከውጭ እየሰረገ በግድግዳው ሥር ገባ። አንድ ጠዋት ስንነሣ ጠረጴዛው እንደ ታመመ ሰው ወደ አንድ ጎን ተደግፏል። አንዱ እግር ከነድንጋዩ ወደ ላይ ተገፍቶ ወጥቷል። አያ ማሩ መልሶ ቀበረው። ጥቂት ቀን ቆይቶ ሌላኛው እግር ተነሣ።

በሪሁን ትራክተሩን ከጎርፍ ሊያስጠልል ወደ እኛ ደጅ አምጥቶት ነበርና በበሩ ብቅ ብሎ አየ።

«አያ ማሩ! ጠረጴዛውን ምን አጠጡት? ሰክሯል እኮ!»

አያ ማሩ አልሳቀም። በሪሁን ቀልዱ እንዳልሠራ ሲያይ ገባና ቁጢጥ አለ። «ይሄ እኮ ጋይንት አይደለም አያ። ይሄ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። የቀበሩበትን ሁሉ ነው መልሶ እሚተፋ። እዚህ አገር ጽኑ ነገር ይቀመጣል እንጂ አይቀበርም።»

እኔ ጥግ ሆኜ እሰማ ነበር። ጠረጴዛ የሚለውም ከእኔ ሲደብቅ መሰለኝ። ይህ መሬት የቀበሩበትን ሁሉ መልሶ የሚተፋ ከሆነ አባቴን የት ሊያደርጉት ነው ብዬ አሰብሁ።

አያ ማሩ እግሮቹን ነቅሎ አወጣ። የተቀበረው በኩል በዚያ አጭር ጊዜ ውስጥ ምስጥ ጀምሮታል። የተበላውን እንጨት በጣቱ እየፈረፈረ እርጥብ መሬት ላይ ተቀመጠ። ራሱን በክንዶቹ መካከል ደፋ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እሱም እንደ እኔ ብቻውን መሆኑ ያን ጊዜ አልታየኝም። ሐዘኑን ከእኔ ደብቆ የሚያለቅስ መሰለኝና እንዳላየሁ ሆኜ ወጣሁ።

በሪሁን በሚቀጥለው ሲመጣ በትራክተሩ ላይ ያረጁ የማረሻ ዲስኮችና አንድ ጀሪካን የተቃጠለ ዘይት ጭኖ ነበር። «እግሮቹን ዲስኩ ላይ ያቁሟቸው። ምስጡን ደግሞ ይሄ ያባርረዋል» አለ። አያ ማሩ እንደ አዲስ ጀመረ። የተበላውን ቆርጦ ጣለ። እግር ከእግር በማገር አሰረ፤ ከመኪናው የፈታውን ብሎን እያስገባ አጠበቀ። ዲስኮቹን ደፍቶ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀመጣቸው፤ እግሮቹንም በላያቸው አቆመ።

ለእኔ ጨርቅና ዘይት ሰጠኝ። «ቀባ። ከሥር ነው ዋናው። አንድም ቦታ እንዳትዘል።»

ቀባሁ። ጎንበስ ብዬ፣ ከሥሩ ተኝቼ፣ ስንጥቆቹ ውስጥ ጨርቁን በስንጥር እየከተትሁ ቀባሁ። ዘይቱ በክንዴ ወደ ብብቴ ይፈስሳል፤ ሽታው ጉሮሮዬ ውስጥ ይገባል። አባቴን ምስጥ እንዳይበላው ነው የምቀባው። በሕይወቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ሥራ ሠርቻለሁ፤ እንደዚያ አጥብቄ የሠራሁት ሥራ ግን የለም።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የመጨረሻው ብሎን ጠበቀ። አያ ማሩ ጠረጴዛውን ገፋው፤ ወዘወዘው፤ ወገቡን አስደግፎ ታገለው። ከዚያ ላዩ ላይ ወጣ። መጀመሪያ ተቀመጠ፤ ቀጥሎ እግሩን ዘርግቶ በጀርባው ተኛ፤ እጆቹን ደረቱ ላይ አደረገ። ክብደቱን በሙሉ ጥሎበት ይንቋቋ እንደ ሆነ እያዳመጠ ነበር። ዓይኑን ጨፍኗል።

እኔ ጮኽሁ። ምን ብዬ እንደ ጮኽሁ አላስታውስም። አያ ማሩ ብድግ ብሎ ተቀመጠ።

«ምን ሆንህ? እባብ ነው?»

«ለአባቴ ነው አይደል?»

«ምኑ?»

«ሳጥኑ! የአባቴ የሬሳ ሳጥን ነው አይደል? እየለኩለት ነው አይደል?»

አያ ማሩ አየኝ። ከዚያ ጠረጴዛውን አየ፤ ቁመቱን፣ ጣውላውን፣ የተኛበትን ቦታ። ቀስ ብሎ ወረደ። መጥቶ ፊት ለፊቴ ቁጢጥ ሲል ጉልበቱ ጮኸ።

«ማነው አባትህ ሞተ ያለህ?»

«ማንም። እናንተ ደብቃችሁኛል።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ እምታስብ?»

«ከሄዱ ጀምሮ።»

«ወየው» አለ። እጁን አፉ ላይ አደረገ። «ወየው እኔ። ይሄን ሁሉ ጊዜ?»

«ታዲያ ለምን አይላጩም?»

ጺሙን ዳሰሰው፤ እንዳደገ አሁን ገና ያወቀ ይመስላል። «መስታወት ማየት አቅቶኝ ነው፣ የኔ ጌታ። የማየው ፊት ደኅና ነው። የሱ ፊት ነው ደኅና ያልሆነ።»

ከዚያ ነገረኝ። መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ከእኩያው ጋር እንደሚያወራ ሰው። ጠረጴዛው ያን ዕለት በአባቴ ክርን ሲናጥ ባሩድ እንደ ፈሰሰበት፣ የቱን ቀለህ እንደ ሞላ እንደ ጠፋው፣ ጨዋታው ስለ ጣመው ደፍቶ እንደ ገና መጀመር እንደ ከበደው። «አንዷን ሁለቴ ሞልቻታለሁ። የመጀመሪያዋን ብተኩስ እንኳ ያቺው ላትሆን ትችል ነበር። ግን ብተኩስ ኖሮ ቆም እል ነበር። ቆም ብል ትዝ ይለኝ ነበር። ሥርዓቱ ለዚያ ነው፤ ሰውን ቆም ለማድረግ። ወንድሜ ነው፣ ምን ይለኛል ብዬ ተውሁት።»

«አባቴ ይድናል?»

ሌላ ሰው ቢሆን «አዎ፣ ይድናል» ይለኝ ነበር።

«አላውቅም» አለኝ። «ተርፎ እንደ ሄደ በዓይኔ አይቻለሁ። ዓይኑ ምን እንደ ሆነ አላውቅም። የማላውቀውን አልነግርህም። የሰማሁትን ግን የሰማሁ ዕለት እነግርሃለሁ፤ ክፉም ቢሆን።»

እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ አልተጽናናሁም። ነገር ግን በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ኮቴ አላዳመጥሁም። ተኝቼ አረፈድሁ። ስነሣ አያ ማሩ ደጅ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። «ና፣ መስታወቱን ያዝልኝ» አለኝ። እኔ በሁለት እጄ ይዤለት ተላጨ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ጊዜ መጠበቅ ብቻ ነው። ከወንዙ ዳር ድንጋይ እየለቀምን ክብደት እንዲሆነው ከጠረጴዛው በታች ማገሩ ላይ በሠራነው መደርደሪያ ከመርን። ጠረጴዛው ላይ ግን ማንም ሥራ ይዞ አልመጣም። ምንሽር የያዙት ሰዎች የቀለሃቸውን ቋጠሮ ይዘው በደጃችን ያልፋሉ፤ «እንደምን ዋሉ አያ ማሩ» ይላሉ፤ አይቆሙም። አያ ማሩ ጠረጴዛው ላይ ጆንያ አልብሶ ትቶታል። ምሳችንን እንኳ እዚያ ላይ አንበላም ነበር።

ወንዙ ሲጎድል በሪሁን ገንዳ ውሃ ደርሶ ተመለሰና ደጅ ቆመው አወሩ። አያ ማሩ እንደ ወጣ ወዲያው ተመልሶ ገባና እንደ ቃሉ ነገረኝ።

«አባትህ ደኅና ነው። ቀኝ ዓይኑ ጠፍቷል። ለሰሊጥ አጨዳ ይመጣሉ። እናትህ ሳምልኝ ብላለች።» ከዚያም ጨመረ፤ «ለእኔ የተላከ የለም።»

ይህን ባይነግረኝ ማን ያውቅበት ነበር? ግን ነገረኝ።

አባቴ ሲመጣ ሰሊጡ እየታጨደ ነበር። ከየአገሩ ለአጨዳ የመጡት ሳሉጎች እየዘፈኑ ነዶውን ያቆማሉ። አባቴ ከተሳቢው ሲወርድ ከስቷል፤ በቀኝ ዓይኑ ላይ ነጭ ጨርቅ ታስሯል። ፊቴን በመዳፉ ዳሰሰኝ። ከእናቴ ጋር ወደ ቤታችን ተመለስሁ፤ የጓጓሁለት ነገር ነበር። ነገር ግን ከእኛ ደጅ ሆኜ ወደ አያ ማሩ ቤት ሳይ ጭሱ ብቻውን ሲወጣ ይታየኝ ነበር።

አያ ማሩ አልመጣም። ታላቅ ቢሆንም የበደለው እሱ ነው፤ ሽማግሌ መላክ ነበረበት። ሽማግሌ ለመላክም ፊት አጣ። አባቴም አልሄደም፤ ስሙንም አላነሣም። እናቴ ልታነሣ ስትል በእጁ ዝም ያሰኛታል። በዚያ ቤትና በዚህ ቤት መካከል ያለውን መንገድ ሣር በላው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አባቴ ምንሽሩን አነሣ። የተሰበረውን ብረት ጎንደር አሠርቶት ነበር። ዝናሩን ትከሻው ላይ ጣለ፤ ቀለሆቹ ሁሉ ባዶ ናቸው። «ና» አለኝ። ሁለት ወንድማማቾች ተጣልተው ጠብመንጃ ሲያዝ ምን ሊመጣ እንደሚችል በቆላው ያደገ ልጅ ያውቃል።

አያ ማሩ ስንገባ ተነሥቶ ቆመ። ጠረጴዛው በመካከላቸው ነው። አባቴ ጆንያውን ገፍፎ ጣለ። ሁለት እጁን ጫፉ ላይ አሳርፎ በሙሉ ክብደቱ ገፋ። ዞሮ በሌላ በኩል ገፋ። ቁጢጥ ብሎ እግሮቹን አንድ በአንድ ጨበጠ፤ ዲስኮቹን ዳሰሰ።

አባቴ ተነሣና ዝናሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ይሙሉልኝ።»

«ከዚያ ወዲህ አንድም አልሞላሁ» አለ አያ ማሩ።

«ታዲያ ይሄን የሚያህል ነገር ምን ሊያደርጉት ሠሩት? ሊተኙበት ነው?»

አያ ማሩ እኔን አየኝ። እኔም አየሁት።

አያ ማሩ ባሩዱን አወጣ። አባቴ ከጠረጴዛው ርቆ በበርጩማ ተቀመጠ፤ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አንድ ቃል ሳይናገር ቆየ። እኔ ትንፋሼን ያዝሁ። ከውጭ የሳሉጎቹ ዘፈን ይሰማል። ጥላው ከበሩ ወደ ግድግዳው እስኪደርስ ድረስ አያ ማሩ አንዷን ሞልቶ፣ ለብቻዋ አስቀምጦ፣ እጁን ጠርጎ፣ ሌላዋን ይጀምር ነበር።

ሲያልቅ አንዷን ይዞ ተነሣ። «የመጀመሪያዋን እኔ ነኝ እምተኩስ።»

«ደስ ካለዎ ሁሉንም ይተኩሷቸው» አለ አባቴ።

ወደ ጓሮ ወጣን። አያ ማሩ ምንሽሩን ጉንጩ ላይ አጣበቀ። አባቴ እንደ ሌሎቹ ሰዎች ከኋላው አልቆመም፤ መጥቶ ከጎኑ ትከሻ ለትከሻ ቆመ። ተኩሱ ወጣ። ከኩይሳው ላይ አቧራ ተነሣ።

አያ ማሩ ባዶዋን ቀለህ አውጥቶ ዞረ።

«ፊቴን አይተህ ውሰድ።»

አባቴ የወንድሙን አገጭ በእጁ ያዘ። የቀረው ዓይኑ የግራው ስለ ሆነ ራሱን ዘንበል አድርጎ ረዥም ጊዜ አየው፤ ጉንጩን፣ ግንባሩን፣ ሁለቱን ዓይኖቹን።

«አየሁ» አለ። ያቺን ባዶ ቀለህ ከእጁ ወስዶ ወደ ዝናሩ መለሳት።

አባቴ ሲተኩስ የሚያነጣጥረው በቀኝ ዓይኑ ነበር። ይህ የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው። ያን ቀን ጥይት ሊያስሞላ ሲሄድ ዳግመኛ እንደማይተኩስ ያውቅ ነበር። ከርከሮውንም ከዚያ ወዲያ በሌሊት የሚያባርረው ጣሳ እየመታ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ግን የአባቴን ማስሞላት የሰሙ ሰዎች ቋጠሯቸውን ይዘው በአያ ማሩ ደጃፍ ቆመው ተራ ሲጠብቁ አገኘሁ።

ዝናሩ አባቴ በሕይወት እስካለ ድረስ ከአልጋው ራስጌ ተሰቅሎ ኖረ። አቧራውን የምጠርገው እኔ ነበርሁ። ጥይቶቹ አያ ማሩ እንደ ሞላቸው ነበሩ፤ አንድም አልተነካም። ከመካከላቸው አንዷ ብቻ ባዶ ናት።